«ባክአፕ አለን» ማለት መልስ አይደለም

«ሲስተም የለም» የሚለውን ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። ባንክም ይሁን ክፍለ ከተማ፣ ሆስፒታልም ይሁን ገቢዎች፣ ወረፋው ደርሶ ከመስኮቱ ጀርባ የሚመጣው መልስ ይኸው ነው። ባለጉዳይም ለምዶታል። አጉረምርሞ ይወጣል፣ ከሰዓት ወይም በማግሥቱ ይመለሳል፣ ሲስተሙም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይጠብቀዋል። ያናድዳል እንጂ ቤት አያፈርስም።

ቤት የሚያፈርሰው ሌላው ነው፤ ሲስተሙ ተመልሶ መዝገቡ ያልተመለሰ ዕለት። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ሠራተኛዋ የባለጉዳዩን ስም ትጽፋለች፣ ስክሪኑ «አልተገኘም» ይላል። ድሮ ቢሆን መዝገብ ቤት ተገብቶ አቧራ የጠጣ ፋይል ይፈለግ ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ወረቀቱ ቀርቷል። የቤት ካርታው፣ የባንክ ሂሳቡ፣ የተማሪው ውጤት፣ የታካሚው ታሪክ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ዳታቤዙ ከጠፋ ሰውየው ቤቱ የእሱ መሆኑን በምን ያስረዳል?

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከኃላፊዎች የሚሰጠው ማረጋጊያ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሥጋት አይግባችሁ፤ ባክአፕ አለን።» ጋዜጠኛው ይጽፈዋል፣ ቦርዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ መልስ ግን ምንም አልመለሰም። ሊጠየቅ የሚገባው እንዲህ ነው፦ መረጃውን ከባክአፑ መልሳችሁ ያያችሁት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት መዝገብ ጎደለ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቀንና ቁጥር ያለው መልስ የሌለው መሥሪያ ቤት፣ መጋዘኑ ሙሉ ዲስክ ቢሆንም፣ ባክአፕ አለው ሊባል አይችልም።

መቅዳትና መመለስ ለየቅል ናቸው

ቅጂ መያዝ ቀላል ነው። የሲስተም አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በየሌሊቱ ዳታቤዙን እየገለበጠ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ጠዋት «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ይነበባል፣ በሦስተኛው ወር ማንም አይከፍተውም።

መመለስ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ያውም የደነገጠ ሰው፣ ስልኩ እየጮኸ፣ አለቃው ከኋላው ቆሞ። መጀመሪያ የተበላሸውን ዳታቤዝ ሳይነካ ማቆየት አለበት፤ ከውስጡ የሚተርፍ ነገር ሊኖር ይችላልና። ቀጥሎ ቅጂውን በሌላ ንጹሕ ሰርቨር ላይ ይዘረጋል። የዳታቤዙ ሶፍትዌር ዕትም ቅጂው ከተወሰደበት ጋር ካልተጣጣመ ሥራው እዚያው ሊቆም ይችላል። ቅጂው በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የት ነው? በጠፋው ሰርቨር ላይ ብቻ ከነበረ ቅጂው ከድንጋይ አይሻልም።

ይህ ሁሉ አልፎ የሌሊቱ ቅጂ ቢዘረጋ፣ ከሌሊቱ እስከ አደጋው ደቂቃ የተሠራው የቀን ሥራ ገና አልተመለሰም። እሱን የሚመልሰው ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ በቅደም ተከተል የሚጽፍበት የለውጥ መዝገብ ነው። አስተዳዳሪው መዝገቡን ከቅጂው ሰዓት ጀምሮ እያስኬደ ጥፋቱ ሊፈጸም ሲል ያቆመዋል። ትንሽ ቀደም ብሎ ካቆመው ሥራ ይጎድላል፣ ትንሽ ካለፈ ጥፋቱን ራሱን ይደግመዋል። የለውጥ መዝገቡ ለብቻው ተለይቶ ያልተቀመጠ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ሥራ እንዳለ ሄደ ማለት ነው።

በአማርኛ መዝገብ ለሚይዝ መሥሪያ ቤት ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈልጋል። ቅጂው ሲወሰድ ወይም ሲመለስ የፊደል ቅንብሩ በስህተት ለላቲን ብቻ ከተሞላ፣ የመዝገቡ ብዛት ልክ ሆኖ፣ አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ፣ «አበበ» የነበረው «???» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጥያቄ ምልክትን መልሶ ስም የሚያደርግ ትእዛዝ ደግሞ የለም። ይህን በጊዜ የሚደርስበት ከአደጋው በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መልሶ የሞከረ ሰው ነው።

አምስት መንገድ፣ አንድም የሚያስተማምን

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ የጊትላብን ታሪክ ይስማ። ጊትላብ በመላው ዓለም ያሉ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ኩባንያ ነው፤ ደንበኞቹም ሠራተኞቹም ነገሩን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዋናው ዳታቤዝ በጫና ተጨናንቆ፣ ተጠባባቂው ዳታቤዝ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እኩለ ሌሊት ገደማ አንድ መሐንዲስ ተጠባባቂውን እንደ አዲስ ለማስጀመር አሮጌውን የመረጃ ማውጫ እንዲጠፋ አዘዘ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ተጠባባቂው ላይ መስሎት ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አስቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር።

እስከዚህ ድረስ የሰው ስህተት ነው፤ የትም ይደርሳል። ጉዱ የመጣው ባክአፕ ሲፈለግ ነው። በየቀኑ የሚወሰደው ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ ተከፈተ፤ ባዶ ነው። ዳታቤዙ ዕትም 9.6 ሆኖ ሳለ ቅጂውን የሚወስደው መሣሪያ የ9.2 ስለነበር በየቀኑ እየከሸፈ ኖሯል። ታዲያ ማንም አልሰማም? የክሽፈት ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይላክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን የላኪው ማንነት በአግባቡ ያልተረጋገጠ ስለነበር ተቀባዩ ሲስተም አልቀበልም እያለ ይመልሰው ነበር። የክላውድ አቅራቢው የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ አለ ተባለ፤ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም። ተጠባባቂው ዳታቤዝ አለ ተባለ፤ እሱ ቀድሞ ተጠርጓል። ኩባንያው በኋላ በግልጽ እንዳመነው፣ ከአምስት የመጠባበቂያ መንገዶች አንዱም በሚያስተማምን ሁኔታ እየሠራ አልነበረም።

ያዳናቸው ዕድል ነው። ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ በፊት አንድ መሐንዲስ ለሌላ የሙከራ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ተገኘ። እሱን ከዘገምተኛ ዲስክ ላይ መገልበጥና መመለስ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ። የስድስት ሰዓት ሥራ ግን አልተመለሰም፤ በግምት 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዲስ የተጠቃሚ መዝገቦች ቀሩ። ያ መሐንዲስ በዚያ ቀን ቅጂውን ባይወስድ ኖሮ የጠፋው የስድስት ሳይሆን የ24 ሰዓት ሥራ ይሆን ነበር።

ከአደጋው አንድ ቀን ቀደም ብሎ የጊትላብ ሥራ አስኪያጅ «ባክአፕ አላችሁ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አለን፣ ያውም አምስት ዓይነት» ይል ነበር። እየዋሸ አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚያምነው። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላውን ገሥጾ ራሱን የረሳ መንግሥት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ የመረጃ ማዕከል በእሳት ተያይዞ፣ አገሬው በሙሉ የሚጠቀምበት የካካኦ የመልእክት አገልግሎት ለቀናት ተስተጓጎለ። መንግሥት ቆጣ። ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ፣ ፓርላማው የኩባንያውን ኃላፊዎች ጠርቶ አፋጠጠ፣ ከካካኦ ሁለት ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አንዱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ የግል ኩባንያዎችን ለአደጋ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ የሕግ ማሻሻያም ወጣ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ተራው የመንግሥት ሆነ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የመረጃ ሀብት ማዕከል ባትሪ ለማዛወር ሲሠራ እሳት ተነሣ። ከ700 በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ፤ 96ቱ በእሳቱ በቀጥታ ተጎዱ። ከእነዚህ አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት «ጂ ድራይቭ» የተባለው የጋራ ማከማቻ ነበር። 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ተቃጠለ። ከማዕከሉ ውጭ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ባክአፕ ለመያዝ አይመችም የሚል ነው።

ይህን ምክንያት በቁጥር መመዘን ይቻላል። 20 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ገበያ ላይ አለ። 858 ቴራባይት ለማኖር 43 እንዲህ ያሉ ዲስኮች ይበቃሉ። ለጥንቃቄ እጥፍ ይሁን ቢባል እንኳ 86 ነው። ዓለምን በቴክኖሎጂ የሚመራ፣ የማስታወሻ ቺፕ ለምድር ሁሉ የሚሸጥ አገር ይህን ማቅረብ አቃተው? አላቃተውም። ማንም «ይህ ቢቃጠል ከየት እንመልሳለን?» ብሎ ስላልጠየቀ ነው። በተለይ የሲቪል ሰርቪስ ጉዳዮችን የሚመራው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ሰነዳቸውን በጂ ድራይቭ እንዲያኖሩ ስላደረገ ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳ። ጸድቀው ያለቁ ሰነዶች በሌላ ሲስተም ላይ ስለነበሩ ሁሉ ነገር አልጠፋም። የዓመታት የሥራ ፋይል ግን አመድ ሆነ።

ጋና ውስጥ መብራት ባይጠፋ ኖሮ

የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ታሪክ ደግሞ ለአፍሪካ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር የኩባንያውን ኔትወርክ በሰዓታት ውስጥ አወደመው። የሠራተኞችን ማንነትና ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮች 150 ገደማ ነበሩ። በየአገሩ ተበትነው ይዘታቸውን እርስ በርስ ይገለባበጡ ስለነበር «አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ» ተብሎ ለእነሱ የተለየ ባክአፕ አልተያዘም። ሁሉም በአንድነት ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በአንድነት ጠፉ።

የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋና ውስጥ ያለው። የተረፈውም ተጠብቆ አይደለም። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርክ ወጥቶ ስለነበር ነው። በኋላ እንደተዘገበው፣ የጋናው መስመር ቀርፋፋ በመሆኑ መረጃውን በኢንተርኔት መላክ ቀናት ሊፈጅ ሆነ፤ የጋናው ሠራተኛ የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበረው ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ያኛው ወደ ለንደን ወሰደው። በዓለም ትልቁ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የመርከብ ኩባንያ ከሞት የተነሣው በአንድ የመብራት መቋረጥና በአንድ ሻንጣ ነው። በዐሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ መጫናቸውን የኩባንያው ሊቀመንበር በኋላ ተናግረዋል።

መብራት በመጥፋቱ መረጃ ተረፈ የሚለው ለቀልድ ይመቻል። ለመንግሥት አሠራር ግን አይመችም። ዕድል አንዴ ይመጣል፣ በጀት ተይዞለትም አይጠበቅም።

የተለመዱት ሦስት መልሶች

ይህ ሁሉ ሲነገር የሚሰጡ መልሶች አሉ።

አንደኛው «እኛ ተጠባባቂ ሰርቨር አለን፣ ዋናው ቢወድቅ በሰከንድ ይተካዋል» የሚል ነው። ተጠባባቂ ሰርቨር ማሽን ሲበላሽ ያድናል፤ መረጃ ሲበላሽ ግን አያድንም። ዋናው ላይ አንድ ሰው በስህተት አንድ ሚሊዮን መዝገብ ቢሰርዝ ተጠባባቂውም በታማኝነት ያንኑ አንድ ሚሊዮን ይሰርዛል። ሥራው መከተል ነውና። ሜርስክንም ጉድ የሠራው እርስ በርስ በሚገለባበጡ ሰርቨሮች ብቻ መተማመኑ ነው።

ሁለተኛው «ክላውድ ላይ ነን» የሚል ነው። ጊትላብም ክላውድ ላይ ነበር። ክላውድ የሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ስትራስቡርግ ላይ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል ከሌላ ቦታ ቅጂ ያልያዙ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። ባክአፕ ያዢው ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የባክአፕ ፕሮግራሙ ሲሻሻል በተፈጠረ ስህተት ከሱፐርኮምፒውተሩ ማከማቻ 77 ቴራባይት የምርምር ፋይል ተሰርዟል። ጠባቂውን የሚጠብቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበዛው «በጀት የለም» ነው። ለአዲስ ሰርቨር በጀት ሲገኝ፣ ለምርቃት ሪባን ሲገኝ፣ ለመልሶ ማቋቋም ልምምድ ግን የለም ይባላል። ልምምዱ የሚፈልገው ግን አንድ ትርፍ ማሽን፣ አንድ ባለሙያና በሩብ ዓመት አንድ ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ውድ የሆነው ልምምዱ ሳይሆን ለሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው፤ ዳታቤዙ ከጠፋ በኋላ ከውጭ የሚጠራው ኤክስፐርት፣ በእጅ እንደገና የሚመዘገበው መዝገብ፣ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ባለጉዳይ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ለምን ቅርብ ነው?

አገሪቱ መዝገቧን ወደ ዳታቤዝ እያሻገረች ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዜጎች ለፋይዳ ተመዝግበዋል። የባንክ፣ የግብር፣ የንግድ ፈቃድ ሥራ በኦንላይን ሆኗል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ አይጥ የበላው መዝገብ፣ ዝናብ ያራሰው ፋይል፣ በእጅ መንሻ የሚሰወር ዶሴ ምን እንደሚመስል ሰው ያውቃል። ነገር ግን ወረቀት ሲጠፋ አንድ ፋይል ነው የሚጠፋው። ዳታቤዝ ሲጠፋ ከተማ ነው።

መዝገብና ገንዘብ አንድ መሆናቸውን ሕዝቡ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት አይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ጉዳዩ የሚነካውን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ለማስመለስ ሳምንታት ሠርቷል። ያ ችግር የባክአፕ ችግር አልነበረም። ትምህርቱ ግን እዚህ ይገባል። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው «የትናንቱን መዝገብ ለምን አይመልሱትም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የአንድ ቀን ቅጂ ቢመለስ ኖሮ በዚያ ሌሊት በሕጋዊ መንገድ የተላከው ሐዋላና የተከፈለው ሂሳብም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ከኤቲኤም የወጣው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ዳታቤዝ ስለተመለሰ ወደ ማሽኑ አይገባም። መመለስ ሰዓትን ወደ ኋላ ማዞር አይደለም። የትኛው ይመለስ፣ የትኛው ይቅር፣ የትኛው በነፍስ ወከፍ ይታረቅ የሚለውን የሚወስን ሰው፣ አስቀድሞ የተጻፈ ሥርዓትና ልምምድ ይጠይቃል።

ቅጂ አብዝቶ ማቆየት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ሲያረጅ ደብተራው በአዲስ ብራና ይገለብጠው ነበር፤ የገለበጠውም ተነቦ ከዋናው ጋር ይመሳከር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ በዚህ መንገድ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ዛሬም ተመራማሪዎች እነዚያን ፊልሞች ያነብባሉ። ቅጂው በሌላ ቦታ አለ፣ ይከፈታል፣ ይነበባል። ከዳታቤዝ የሚጠየቀው ከዚህ አይበልጥም።

አንድ አይቲ ሠራተኛ ላይ ማላከክ

አደጋ በደረሰ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ነው፤ «አድሚኑ አጠፋው»። በብዙ መሥሪያ ቤት ያ አድሚን ፕሪንተር ይጠግናል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ የኃላፊውን ስልክ ያስተካክላል፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የሚሊዮን ሰው መዝገብ ይጠብቃል። የመልሶ ማቋቋም ልምምድ ላድርግ፣ ትርፍ ሰርቨር ይፈቀድልኝ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» ይባላል። ሲስተሙ ደህና ሲሆን አይታይም፤ ሲወድቅ ይታሰራል።

ጊትላብ ያን መሐንዲስ አላባረረውም፣ ስሙንም በሪፖርቱ አላወጣም። መልሶ የማቋቋሙን ሥራ በቀጥታ በዩቲዩብ አስተላለፈ፣ ከዚያም የከሸፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፎ አሳተመ። ደግነት ብቻ አይደለም። ስህተት የሚያስቀጣ ከሆነ ሰው ይደብቀዋል፤ የተደበቀ የባክአፕ ክሽፈት ደግሞ የሚገለጠው በአደጋው ዕለት ነው። አንድ ሰው በአንድ ትእዛዝ አገር የሚያጠፋበትን ሥርዓት የዘረጋው ትእዛዙን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ያላስፈተሸው አለቃ ነው።

ምን ይደረግ?

ነገሩ ረቂቅ አይደለም። የሕዝብ መዝገብ የሚይዝ ማንኛውም ተቋም፣ የመንግሥትም የግልም፣ የሚከተሉትን ሊገደድ ይገባል።

አንደኛ፣ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ዳታቤዙን ከባክአፑ በሌላ ሰርቨር ላይ መልሶ ያሳይ። ውጤቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ቀኑ፣ የፈጀው ሰዓት፣ ከዋናው ጋር ሲመሳከር የተገኘው ልዩነት፣ የአማርኛውና የሌላው ቋንቋ ጽሑፍ በትክክል መነበቡ። ገጹን የሚፈርመው የአይቲ ክፍሉ ሳይሆን የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ፣ በዋናው ሲስተም የይለፍ ቃል በማይደረስበት ቦታ ይቀመጥ። እሳት አጠገቡ ያለውን ይበላል፤ ሰርጎ ገብም በእጁ በገባው የይለፍ ቃል የሚደርስበትን ሁሉ ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ሲስተም የሚያቀርብ ድርጅት የመጨረሻ ክፍያውን የሚያገኘው ዳታቤዙን በገዢው ባለሙያዎች ፊት አጥፍቶ ከመለሰ በኋላ ይሁን። ዛሬ ርክክብ የሚደረገው የመግቢያው ገጽ ስለተከፈተ ነው።

አራተኛ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለ ግል መረጃ ሲወራ የሚታሰበው መሰረቅ ብቻ ነው። መጥፋትም ጉዳት ነው፤ መረጃው ለተሰረቀበትና መረጃው ለጠፋበት ሰው ሕጉ እኩል ሊቆም ይገባል። አስፈጻሚው ባለሥልጣን መመሪያ ሲያወጣ የመልሶ ማቋቋም ፈተናን በግልጽ ግዴታ ያድርገው።

አምስተኛ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካ ልምምድ የተደረገበት ቀን ለሕዝብ ይገለጽ። «ይህ የደኅንነት ምስጢር ነው» የሚል ይኖራል። ቅጂው የት እንዳለ ምስጢር ይሁን፣ ቁልፉ ምስጢር ይሁን። ቀኑ ግን ለማንም ሌባ አይጠቅምም። ቀኑን ለመደበቅ የሚፈልግ ተቋም የሚደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከባለቤቱ ነው።

እነዚህን የሚጠይቅ ፓርላማ፣ ቦርድ፣ ኦዲተርና ጋዜጠኛ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። የሒሳብ መርማሪ ካዝናው ውስጥ ገንዘብ አለ ሲባል አምኖ አይሄድም፤ ይከፈት ይላል፣ ይቆጥራል። ባክአፕም እንዲሁ ነው። የሚቀጥለው ኃላፊ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ «ባክአፕ አለን» ሲል፣ የሚቀጥለው ጥያቄ አንዲት ቃል ትሁን፦ ይመለስና እንየው።